የእጃችን ሥራና የሰው ዐይን



በየቤታችን ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ስፌት የሚሰፉ፣ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች አሉ። ከሥራ ሲመለሱ ወይም የልጅ ልጆቻቸው ሲተኙ መርፌአቸውን ያነሣሉ። አሁን ደግሞ በየእጃችን ስልክ አለ። የልጅ ልጃቸው ኢንስታግራም ከፍታ «እማማ፣ ይህን ይዩት» ትላለች። በሌላ አገር ያለች ሴት የጠለፈችው ልብስ ይታያል፤ ከሥሩም ስንት ሺህ ሰው እንደ ወደደው ተቆጥሮ ተጽፏል። እናት ዝም ብለው ያያሉ። ከዚያ «የእኔማ ምን ሥራ ነው!» ብለው መርፌውን ያስቀምጣሉ። መርፌው ከተቀመጠ የልጅ ልጅም ጥልፍ አትማርም፤ ነገሩን ቀላል የማንለው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ የራስን ሥራ ከሌላው ጋር ማወዳደር ክፉ ነውን?

ጠቢባን «ክፉ ነው» ብለው በአንድ ቃል አልዘጉትም። ፒርቄ አቮት ቅናትን ሰውን ከዓለም ከሚያወጡት ነገሮች መካከል ይቆጥራል። በታልሙድ ባቫ ባትራ ግን ስለ ሕፃናት አስተማሪ አንድ ክርክር አለ። አስተማሪ እያለ ከእርሱ የበለጠ ቢገኝ ይተካ ወይስ አይተካ? ራቫ «አይተካ» አለ፤ አዲሱ ተፎካካሪ የለኝም ብሎ እንዳይሰንፍ ፈርቶ ነው። የነሃርድዓው ራቭ ዲሚ ግን «ይተካ» አለ፤ መምህራን እርስ በርሳቸው ሲቀናኑ ትምህርት ይጨምራል ባይ ነው።

ልዩነቱ ለእኛ እንዲህ ይመስለናል። አንዷ የሌላዋን ጥልፍ አይታ «ይህችን ጠርዝ እንዴት አዞረቻት?» ትላለች፤ ዐይኗ ሥራው ላይ ነው፣ ትማራለች። ሌላዋ «ለእርሷ ስንት፣ ለእኔ ስንት?» ትላለች፤ ይህች ከሥራው የምታገኘው ነገር የለም። በየሺቫም ቢሆን ጓደኛው ስንት ገጽ እንደ ጨረሰ የሚቆጥር ተማሪ የራሱ ገጽ ሳይገባው ያልፈዋል።

ስለ መቁጠር ደግሞ በባቫ ሜጺዓ እንማራለን። እህሉን ሊሰፍር የሚሄድ ገበሬ በረከት እንዲሆንለት ይጸልያል። ከሰፈረ በኋላ ቢጸልይ ግን ጸሎቱ ከንቱ ነው፤ በረከት ያለው ከዐይን በተሰወረው እንጂ በተመዘነውና በተቆጠረው ላይ አይደለምና። በጎንደር አውድማ ላይ የዋሉ አባቶቻችን ይህን ለመረዳት አስተማሪ አይሹም።

ይህ ማለት ሥራን መደበቅ ማለት አይደለም። ሸክላዋን ሸጣ የምትኖር ሴት ማሳየት ይገባታል። ወለቃ የነበሩ እናቶቻችንም የሸክላ ቅርጾቻቸውን አውጥተው ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። የሚጎዳው ካሳዩ በኋላ ቁጭ ብሎ መቁጠሩ ነው።

ደግሞም ስልኩ ሁሉን አያሳይም። ሸክላ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ከእሳት የሚወጣው ሁሉ ደህና አይሆንም፤ የሚሰነጠቅ አለ፣ የሚፈነዳም አለ። ፎቶግራፍ የሚነሣው ደህና የወጣው ብቻ ነው። የራስን ስንጥቅ ከሌላው ደህና ማሰሮ ጋር የሚመዝን ሚዛን ልክ አይደለም።

የሰውን ዐይንማ ሽማግሌዎቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በኢትዮጵያ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ «ቡዳ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። የናቃቸው ጎረቤት ግን ማረሻውንም እንስራውንም የሚገዛው ከእነርሱ ነበር። በንቀቱ ምክንያት እንስራው ውሃ መያዙን አልተወም። ያ ዐይን ሲንቅ ሥራው ካልተበላሸ፣ የዛሬው ዐይን ዝም ብሎ ቢያልፍ ለምን ይበላሻል?

በፓራሻት ቫያቅሄል የድንኳኑን ሥራ እንዲመሩ ሁለት ሰዎች ተጠርተዋል፤ ባስልኤል ከይሁዳ፣ ኤልያብ ከዳን። ራሺ የቀደሙትን ጠቢባን ተከትሎ ሲያስረዳ፣ ይሁዳ ከታላላቆቹ ነገዶች ነው፣ ዳን ግን ከአገልጋዮቹ ልጆች፣ ዝቅ ካሉት ወገን ነው፤ ሆኖም ፈጣሪ ለሥራው ሁለቱን እኩል አደረጋቸው ይላል። ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ መሆናቸውን ስለ ወሰኑ፣ ይህ ኤልያብ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደለም። ኦሪት ታቦቱን የሠራው ባስልኤል መሆኑን በስሙ ጠርታ ትናገራለች። ኤልያብም ጥልፍ ጠላፊ እንደ ነበረ ትነግረናለች፤ ከመጋረጃዎቹ የትኛውን በእጁ እንደ ጠለፈ ግን አልጻፈችልንም።