ቢሾፍቱ ምን ልትሠራ?

አማርኛችን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለው። ሰው ሲሞት «አረፈ» እንላለን። ከሥራው ቀና ብሎ ጥላ ሥር ሲቀመጥም «አረፈ» ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ስጠቅስላቸው ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ሃምሳን ካለፍኩ ወዲህ ግን ቀልዱ እየቀነሰብኝ መጥቷል።

መቼም እኛ ዘንድ መንገድ ምክንያት ይፈልጋል። ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ንግሥ፣ የታመመ መጠየቅ፣ የመሬት ጉዳይ። ለጎረቤቴ «ቢሾፍቱ ሁለት ቀን ልሄድ ነው» ብላቸው፣ «ምን ልትሠራ? ማን ሞተ?» አሉኝ። «ኧረ ማንም፤ እንዲሁ ነው።» «እንዲሁ?» ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። በእሳቸው ዓይን ወይ ገንዘብ የተረፈው ሰው ነኝ፣ ወይ ከሚስቱ የተጣላ።

እረፍት አናውቅም ማለቴ አይደለም። ገበሬው በወር ውስጥ ሞፈርና ቀንበር የማይነካባቸው ቀኖች አሉት፤ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ባለ እግዜር። በነዚያ ቀኖች «ለምን አረፍክ?» የሚለው የለም፤ እንዲያውም ጉድ የሚባለው ቢሠራ ነው። ቀኖቹ ግን የቅዱሱ እንጂ የእሱ አይደሉም። እኛ የከተማዎቹ ያንን ትተን መጣን፤ በምትኩም «ደክሞኛል» ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ለማለት ድፍረት አላገኘንም።

ሕጉ እንኳ ከእኛ ይሻላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ በመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምርለታል። የገረመኝ ግን ሌላው ነው። ሠራተኛው ወዶና ፈቅዶ «ፈቃዴን ትቻለሁ» ብሎ ቢፈርም ስምምነቱ ዋጋ የለውም። ለመሆኑ፣ ሰው ሊሰጠው የማይችለው ነገር የራሱ ነው ይባላል? ብዙ አሰብኩበት። ሕግ አውጪው ያየው ነገር ያለ ይመስለኛል፤ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚሸጠው እረፍቱን ነው። ያላጣውም ቢሆን ያቆየዋል። የሒሳብ ሠራተኛ የነበረ አንድ ወዳጄ «ጡረታ ስወጣ ላንጋኖ እወስድሃለሁ፤ ሳምንት ሙሉ!» ይለኝ ነበር። ለጡረታው ስምንት ወር ሲቀረው አረፈ። የትኛውን «አረፈ» ማለቴ እንደሆነ ገብቷችኋል።

እናም ሄድኩ። ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ከተከፈተ ወዲህ የሚያደክመው ከአዲስ አበባ መውጣቱ ብቻ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ቢሾፍቱ ራሱ፣ እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ የተኛ ውሃ ናቸው። አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ማየት ነው፤ ሌላ ሥራ የለም። በመጀመሪያው ቀን እጄ ዝም ብሎ ስልክ ይፈልግ ነበር። በማግስቱ ተወው። (ስለ ዓሣ ጥብሱ ብዙ ማለት እችላለሁ፤ ይቅር።) ብቻ ብዙው የሐይቅ ዳር በአጥር ተይዟል፤ ውሃውን ለማየት ቢያንስ ቡና ማዘዝ ግድ ነው። «እንዲሁ» መቀመጥ እዚያም አይፈቀድም ማለት ነው።

ቡናውን ያመጣችልኝን ልጅ፣ «አንቺስ መቼ ታርፊያለሽ?» አልኳት።

«ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ጋሼ።»

«እዚህ ሐይቁ ዳር ትቀመጫለሽ?»

ሳቀች። «እዚህማ ሥራዬ ነው! ሲደክመኝ አዲስ አበባ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። መርካቶ ነው ቤቷ። ጫጫታውን እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል።»