ለአመድ የተጣጣሉት ዕጣ

ከሻሸመኔ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቦዲቲ፣ በብዙ ቤት ቀኑ የሚጀመረው የትናንቱን አመድ በማውጣት ነው። የቤቱ ሴት ልጅ ምድጃውን ዘንበል አድርጋ ታራግፋለች። ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ከሆነ በሸክላው ቀዳዳዎች የተሰነቀረውን ቅንጣቢ በስንጥር ትገፋለች። ቀዳዳው ከተደፈነ ከሥር አየር አይገባም፤ ከሰሉ ይታፈንና ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይበዛል። ውጭ አገር በኤሌክትሪክ ማራገቢያ የሚሠራው፣ የሰጋቱራ እንክብል የሚያነደው ዘመናዊ ምድጃም ከዚህ አያመልጥም፤ አመዱ ካልተጠረገለት እሳቱ ይዳከማል፣ መስተዋቱ ይጠቁራል። የምድጃ ጭስም ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ እንደሞቱ ይገምታል።

ታዲያ ነገ እንደገና የሚጠብቅ፣ ተሠርቶ ሲያልቅ ማንም ልብ የማይለው ይህ ሥራ በፈጣሪ ዘንድ ምን ዋጋ አለው?

ጥያቄው ለወላይታ እንግዳ አይደለም። የወንጌል ሚስዮናውያን በ1928 እ.ኤ.አ. ከደረሱ ወዲህ መጽሐፍ ቅዱስ በየቤቱ የሚነበብበት አገር ነው። ከሚነበቡት አንዱ ኦሪት ዘሌዋውያን ደግሞ በምዕራፍ 6 ስለ አመድ የሚያስደንቅ ሥርዓት ያዝዛል። ካህኑ የተልባ እግር ቀሚስና ሱሪ ለብሶ አመዱን ያነሣል፣ በመሠዊያው አጠገብ ያኖራል፤ ከዚያ ልብሱን ለውጦ ከሰፈር ውጭ ወደ ንጹሕ ስፍራ ይወስደዋል። አመድ ለማንሣት የክህነት ልብስ! የወላይታም አመድ የትም አይደፋም፤ ከፍግና ከቤት ጥራጊ ጋር ጓሮ ወርዶ እንሰቱን ያለመልማል።

የአይሁድ የሕግ መድበል ሚሽና «ዮማ» በተሰኘው ክፍሉ ከዚህ ያልፋል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ካህናት አመዱን ለማንሣት በመሠዊያው አቀበት ሽቅብ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ቀድሞ የደረሰ ሥራው የእርሱ ነው። አንድ ቀን ሁለቱ እኩል ሲሮጡ አንደኛው ጓደኛውን ገፍቶት እግሩ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ሥራው በዕጣ ሆነ።

ፈላስፎቹም ቢሆኑ ማንደጃውን አልናቁትም። አርስጣጣሊስ እንደሚተርከው፣ ሄራክሊጦስን ሊጎበኙ የመጡ እንግዶች ምድጃ ዳር ሲሞቅ አይተውት በር ላይ ሲያመነቱ፣ አማልክት እዚህም አሉና ግቡ ብሏቸዋል። ምድጃውን ማን እንደጠረገው ግን አርስጣጣሊስ አልነገረንም።

ነገሩ የሚጎረብጠው እዚህ ላይ ነው። «የቤት ሥራም አገልግሎት ነው» የሚለውን ስብከት አሜን ብሎ የሚቀበል ወንድ ሞልቷል፤ ቤት ሲገባ ግን ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይላል። ክብሩን ለሴቷ በቃል ይሰጣታል፣ አመዱንም ለእሷ ይተወዋል። አመድ ማንሣት የተቀደሰ ሥራ ከሆነ የሌዋውያን ካህን ወንድ እንደነበረ መርሳት አያዋጣም። ወንድ አይችልበትም የሚለው ምክንያትም ቢሆን አገር ውስጥ ማስተባበያ አለው። አቡነ አረጋዊ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደመሠረቱት የሚነገርለት፣ በገመድ የሚወጣው የደብረ ዳሞ ገዳም ሴት አያስገባም። እዚያ እሳቱን የሚያነዱትም፣ ማለዳ አመዱን የሚያወጡትም መነኮሳቱ ራሳቸው ናቸው።