ሥራን ለመለወጥ ጊዜው መቼ ነው?

አንድ ሰው የያዘውን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ለመሄድ ጊዜው መድረሱን በምን ያውቃል? ገና ከትምህርት ገበታ ያልተነሣን ወጣቶች ይህን መጠየቃችን ያስቅ ይሆናል። ሥራው ሳይገኝ ስለ መልቀቁ ማሰብ «ላም አለኝ በሰማይ» እንደሚባለው ነው። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ይዘው ሌሊቱን ሲገላበጡ የሚያድሩ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች በየቤታችን አሉ።

የአባቶቻችን መልስ የታወቀ ነው። የመንግሥት ሥራ ጡረታ አለው፤ አጥብቀህ ያዘው ይላሉ። የእኩዮቻችንም መልስ የታወቀ ነው። ደመወዙ ካነሰ፣ አለቃው ካስመረረ ውጣ ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ ሠራተኛው ጥቅም ነው፤ ስለ ሥራው ግን አንዳች አይሉም። እኔ ነገሩን ከሥራው በኩል ቆሞ መመልከት ይሻላል ባይ ነኝ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ከአርሲ መውጣት አያስፈልግም። በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አካባቢ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው) በጥቅምት 2003 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ማራቶን ሲሮጥ ጉልበቱን አሞት ውድድሩን አቋረጠ። በዚያው ዕለት በጋዜጠኞች ፊት ሩጫ ማቆሙን ተናገረ። ብዙ ሳይቆይ ግን ቃሉን አነሣ። ይህን እንደ ወላዋይነት የሚቆጥር ይኖራል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቃል ሁለተኛውን አከብራለሁ። መጀመሪያ የተናገረው የታመመው ጉልበት ነበር፤ ሰውየው የተናገረው ቆይቶ፣ ሕመሙ ከበረደ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ አራት ዓመት ተኩል ቆይቶ በግንቦት 2007 ዓ.ም. በማንቸስተር ሮጦ ከውድድር መሰናበቱን አስታወቀ። በዚያን ቀን አላሸነፈም፤ ተሰብሮም አልወጣም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ቀደም ብሎ የተደረገው ነው። ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝቶ ነበር። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴንስ ግን ከእግሩ ሕመም ጋር እየታገለ ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ዘወር ዘወር እያሉ ሲጠብቁት የሚያሳየውን ፊልም ብዙዎቻችን አይተነዋል። ቀነኒሳ አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ ወጡ፤ ኃይሌ አምስተኛ ሆነ። ሥራው ሰው አግኝቶ ነበር። ያን ጊዜ ኃይሌ ወደ ማራቶን ዞረ። በቤጂንግ ኦሊምፒክ አንድ ጊዜ ወደ 10,000 ሜትር መመለሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ቤቱ ጎዳናው ነበር። በመስከረም 2001 ዓ.ም. በበርሊን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። የአርሲ ገበሬ ስንዴ ባመረተበት ማሳ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ባቄላ የሚዘራው ስንዴን ጠልቶ አይደለም፤ ማሳውም ያው ማሳ ነው።

እዚህ ላይ ብቆም ግን ነገሩ ጎደሎ ይሆናል። ተተኪ ከመጣ ልቀቅ ካልን፣ የበቆጂዋን ደራርቱ ቱሉን ምን ልንላት ነው? በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ወርቅ ወሰደች። ከዚያ እነ ጥሩነሽ ዲባባ ተነሡ፤ እርሷም እናት ነበረች፤ ዕድሜዋም ገፋ። ብዙ ሰው ትቁም ይል በነበረበት ዕድሜ፣ በ37 ዓመቷ፣ በጥቅምት 2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በውድድሩ መካከል እንግሊዛዊቷ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ደራርቱ ዘወር ብላ አይዞሽ፣ ነዪ እንዳለቻት ተነግሯል። ሌላውን ለማበርታት ትርፍ ጉልበት ያላት ሠራተኛ ሥራዋ አላለቀም። እንግዲህ ዕድሜና የሰው ወሬ ምልክት አይደሉም ማለት ነው። እነዚህን ልጆች በበቆጂ በልጅነታቸው ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱም የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ከመማሪያ ክፍል ወጥተው አሠልጣኝ ሲሆኑ ልጆቹን ጥለዋቸው አልሄዱም።

ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚነገረው ምርጫ ላለው ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚሁ በጭላሎ ትራክተር ሲገባ ባለመሬቶች ያፈናቀሏቸው ጭሰኞች ጊዜው መቼ ነው ብለው አልተጠየቁም። በአንጻሩ ደግሞ ምርጫ እያለው የማይመርጥ አለ። ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ጠዋት የሚወጣ፣ ማታ ሊፈርም የሚመለስ ሠራተኛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ሰው ሥራውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ያልለቀቀው ደመወዙን ብቻ ነው። በግልጽ ተሰናብቶ ከሄደው ይልቅ እርሱ ይበድላል፤ ምክንያቱም ወንበሩ የተያዘ ስለሚመስል ሌላ ሰው አይቀጠርበትም።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ጉዳይ ልምጣ። የአጎቴ ልጅ ከአሰላ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። በትምህርት ቤቱ ለስምንተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ከእርሱ በቀር የለም። አዳማ ያለ አንድ ድርጅት ከሚያዝያ ጀምሮ በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥረው ጠይቆታል። ልጅ አለው፤ ደመወዙም ወር አያደርሰውም። ስለ እንጀራ ብሎ ሥራ መለወጥ ነውር አይደለም፤ ነውር የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የጠገቡ ናቸው። ተተኪ እስኪመጣ ዕድሜህን ሁሉ ጠብቅ ማለትም ግፍ ነው። መምህር የማሟላት ኃላፊነት የአንድ ሰው ትከሻ የሚሸከመው አይደለም።

ስለዚህ ሂድ ብዬዋለሁ። ግን በሚያዝያ አይደለም፤ በሰኔ፣ ልጆቹ ፈተናቸውን ከጨረሱ በኋላ። የጀመረውን ትምህርት በመካከል ትቶ ቢሄድ ልጆቹ ያን የሁለት ወር ጉድለት ይዘው ይፈተናሉ፤ እርሱን ግን ማንም አይፈትነውም። ድርጅቱ እስከ ሰኔ አልጠብቅም ቢልስ? አለኝ። ያን ጊዜም ቢሆን ሰኔን ጠብቅ አልሁት። ዝም አለ። እኔ ይህን መናገር ይቀለኛል፤ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እርሱ ነው። ለድርጅቱ መልስ የሚሰጠው በዚህ ወር መጨረሻ ነውና፣ ከእኔ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ጽፋችሁ ብትሰጡኝ አደርስለታለሁ።