አዳራሹ ፊቱ ወዴት ነው?

የአዲስ አበባ ሰው «ሰቆጣ» የሚል ስም ሲሰማ አስቀድሞ ትዝ የሚለው ረኃብ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን የምግብ እጥረት እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ የተሰየመው በዚችው ከተማ ስም ነው። ስያሜው በክፋት የተሰጠ አይደለም። ይሁንና የአንድ ከተማ ስም የሕመሟ መጠሪያ ሲሆን ሌላው ነገሯ ሁሉ ይጋረዳል። ሰቆጣ የዋግ ሹሞች መናገሻ እንደነበረች፣ ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ከ1860 እስከ 1863 የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት እንደነበረ፣ ከከተማይቱ አቅራቢያ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ፣ የአገሬው ቋንቋ ኽምጣና እንደሚባል ስንቶቻችን እናውቃለን?

ታዲያ እዚህ አገር ላይ፣ ከሰቆጣ በስተደቡብ በሚገኘው በጋዝጊብላ ደጋ፣ ዓለም አቀፍ የመድረክ ጥበባት ማዕከል ይሠራ ቢባልስ? ሐሳቡ የእኔ አይደለም። የሕንፃ ንድፍ ያጠና አንድ ወዳጄ ነው በወረቀት ነድፎ ያሳየኝ። በጀት የለው፣ ባለቤት የለው፣ የመሠረት ድንጋይ የለው፤ ሕልም ነው። ሕልሙ ግን ትንሽ አይደለም። አንድ ሺህ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ የልምምድ ቤቶች፣ ከውጭ ለሚመጡ ከያንያን ማረፊያ። ላሊበላን ሊያይ የመጣ እንግዳ ጥቂት ሰዓት በመኪና ቢጨምር ይደርስበታል ባይ ነው። አብሮን ቡና ይጠጣ የነበረ ሌላ ባልንጀራችን ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየና «መጀመሪያ ይብሉ» አለ። በዚህች ቃል ክርክሩ ያበቃ መሰለ። «መጀመሪያ ይብሉ» ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል? ለእኔ ግን ክርክሩ የጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ በቃሉ ውስጥ እውነትም አለ፣ የማይጥመኝ ነገርም አለ።

እውነቱን እናስቀድም። በ1958 ዋግና ላስታ ተራቡ። በ1965 እና በ1966 ወሎ በመላው ተራበ። በ1977 የዋግ ሰው ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ ኮረም ድረስ ተጓዘ፤ ስንቱ መንገድ ላይ እንደቀረ የሚያውቅ የለም። ይህ ሁሉ አልፎ ከ2013 ማብቂያ ጀምሮ ሰቆጣ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች፤ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችም በከተማዋ ተጠለሉ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ በክልሉ ሌላ ግጭት ተነሣ። ለዚህ ሕዝብ ገንዘብ ሲገኝ ውኃ ይቅደም፣ ክሊኒክ ይቅደም የሚል ሰው ክፉ ሰው አይደለም። ለአዳራሹ ጣሪያ የሚወጣው ብር የውኃ ጉድጓድ ሊቆፈርበት ይችላል። ይህን ሒሳብ በቅኔ ማምለጥ አይቻልም።

ዳሩ ግን ይህ ሒሳብ ስለምን ለገጠሩ ብቻ ይወጣል? ጣልያን ጀምሮት የቀረው ሲኒማ ቤት ተጨርሶ፣ በ1948 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በዓል የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሲከፈትና የቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲታይበት፣ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ጠግቦ ያድር ነበርን? አሥር ዓመት ቆይቶ ዋግና ላስታ ሲራቡስ መጋረጃው ተዘግቷልን? ሀገር ፍቅር በ1927 የተቋቋመው ጠላት ድንበር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። የዚያን ጊዜ አገሪቱ ጥይትም ስንቅም ያጥራት ነበር። አቶ መኰንን ሀብተ ወልድና ባልንጀሮቻቸው ግን ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን መቀስቀስ ጥይቱ ሞልቶ እስኪተርፍ የሚቆይ ሥራ ነው አላሉም።

እንግዲህ «መጀመሪያ ይብሉ» የሚለው ቃል የማይጥመኝ እዚህ ላይ ነው። የሚናገረው ሰው ራሱ ቅዳሜ ማታ ቴአትር ይገባል፤ የወር ወጪውን ሁሉ ጨርሶ ነው የሚገባው ማለት አይደለም። ለራሱ እንጀራና ዜማ ጎን ለጎን ሲሄዱ ነውር አይታየውም። የዋግን ሰው ግን ሆድ ብቻ ያደርገዋል። መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይልበስ፣ ከዚያ ይማር፣ ከዚያ ከተረፈ ይዝፈን ይለዋል። ተራውን ያወጣው ማን ነው? የዋግን ሰውስ ማን ጠየቀው?

ደግሞስ በአገራችን ከፍተኛው የዜማ ትምህርት መቼ ከተማ ኖሮ ያውቃል? ድጓ የሚመሰከረው ጋይንት ቤተልሔም ነው። ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ ነው። ሁለቱም ገጠር ናቸው። ተማሪው ከሸዋም ከጎጃምም ከትግራይም ከዋግም ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይሄዳል። ደርሶ ጎጆ ይቀልሳል። ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል፤ ውሻ ያባርረዋል፤ ማታ በጨለማ ዜማውን ይቀጽላል። እንዲህ ሆኖ ዓመታት ይቆጠራሉ። (ይህን ከመድረክ ጥበብ ጋር አንድ ላይ በማንሣቴ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉኝ፤ ማኅሌት ትርኢት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ድምፅንና አካልን አሠልጥኖ ለአደባባይ የሚያበቃ ትምህርት መሆኑን ግን እነርሱም አይክዱም።)

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ተማሪው ሳይሆን መጽዋቿ ናት። ከሌማቷ ቁራሽ አንሥታ በአኮፋዳው የምትጨምርለት ሴት ራሷ ጠግባ የምታድር አይደለችም። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራዋ ተራቁቶ፣ ልጆቿ ምሳና እራት ተቀላቅሎባቸው ሳለ ትሰጣለች። ከዓመታት በኋላ ደብሩን በዜማ የሚያናውጠው መሪጌታ ከእርሷ ቁራሽ የተሠራ ነው። «መጀመሪያ እኔ ልብላ» ብትል ማን ይፈርድባት ነበር? አላለችም። የረኃብንና የጥበብን ጥያቄ እኛ ቡና ላይ ሳንከራከርበት በፊት እርሷ በደጃፏ በየቀኑ ስትመልሰው ኖራለች። ልብ በሉ፤ ማንም አላዘዛትም፣ ማንም በስሟ አልወሰነላትም። የሰጠችው ራሷ ነች።

የአብነት ትምህርት ቤቱ ባብዛኛው የወንድ ልጅ ነበር። ለዋግ ሴት ልጅ ግን ሌላ መድረክ አላት፤ ሻደይ።

የፍልሰታ ጾም በሚፈታበት በነሐሴ 16 ይጀምራል። በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ፣ በቆቦ ሶለል የሚባለው ጨዋታ የአንድ እናት ልጅ ነው። ልጃገረዶቹ ሹሩባቸውን ተሠርተው፣ ተኩለው፣ ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ለበዓሉ ስሙን የሰጠውን ሻደይ የተባለ ለምለም ቄጠማ መሰል ሣር በወገባቸው ያስራሉ። ከበሯቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። ደጁ ላይ ቆመው ይጫወታሉ፤ ባለቤቱ ወጥቶ ይቀበላቸዋል፤ ያወድሱታል፤ ይሰጣቸዋል። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ቅጂ፣ እንጨት ልቀሚ ስትባል የከረመችው ልጅ በእነዚህ ቀናት ወዴት ሄድሽ የሚላት የለም። መንገዱ የእርሷ ነው።

እስቲ ይህን ጨዋታ ወዳጄ ወደ ነደፈው አዳራሽ እናስገባው። በሻደይ ተመልካቹ መቀመጫ የለውም፤ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል። የምትሄደው ልጅቱ ናት፤ የምትሄድበትን ደጅ የምትመርጠውም እርሷ ናት። እጁ ባዶ የሆነ ባለቤት ያፍራል። በአዳራሹ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ልጅቱ ከመጋረጃ ጀርባ ተራዋን ትጠብቃለች። ይህን ያህል ደቂቃ አለሽ ትባላለች። ከበሮው ለድምፅ ማጉያው እንዲመች ይቀየርላታል፤ ቀሚሷ መብራቱን እንዲቋቋም ይደምቅላታል። ተመልካቹ ቲኬት ቆርጧልና ባለመብት እርሱ ነው፤ ካልጣመው እጁ ባዶ የሆነችው እርሷ ናት። ዘፈኑ ያው ነው፣ ሣሩም ያው ነው፤ ባለቤቱ ግን ተለውጧል። ወዳጄን የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር፤ አዳራሹ ፊቱ ወዴት ነው? ወደ ላሊበላ መንገድ አለኝ። እይታው ያምራል አለ።

ፊቱን ወደ ውጭ ያዞረ መድረክ ለእኛ አዲስ አይደለም። በጥቅምት 1977 የኮረም መጠለያ በቢቢሲ ታየ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ደግሞ ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተደረገ። በእኛ ረኃብ የተነሣ እንደዚያ ያለ ሰፊ መድረክ ተዘርግቶ አያውቅም፤ ገንዘቡም ነፍስ አድኗል። የዋግ ሰው ግን አልዘፈነበትም፤ በምስል ታየበት እንጂ። ቆይቶ የጊዜው መንግሥት «ሕዝብ ለሕዝብ» የተሰኘውን የኪነት ቡድን አዋቅሮ በ1980 ዓ.ም. ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ላከ፤ ለእርዳታው ምስጋና። ሙዚቃው ግሩም እንደነበር ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል፤ እኔም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ቢሆንም ለጋሹ ፊት የሚጨፍር ምስጋና ነበር። የተራበው አገር ዘፈን የደረሰኝ ፊርማ ሆነ።

ሌላውም ዓለም በዚህ መንገድ አልፏል። በብራዚል ጫካ መካከል በማናውስ ከተማ በጎማ ንግድ የከበሩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1896 እብነ በረዱን ከአውሮፓ አስመጥተው ኦፔራ ቤት ከፈቱ፤ ጎማው ወደ እስያ ሲሻገር ቤቱ ለአሥርተ ዓመታት ጸጥ አለ። ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው ቡርኪና ፋሶ ነው። ክሪስቶፍ ሽሊንገንዚፍ የተባለ ጀርመናዊ አዘጋጅ ከዋጋዱጉ ወጣ ብላ ባለችው ላኦንጎ «የኦፔራ መንደር» ልሥራ ብሎ ተነሣ። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2010 ተጣለ፤ ሰውየው በዚያው ዓመት በነሐሴ በካንሰር ሞተ። ንድፉን የሠራው ዲዬቤዶ ፍራንሲስ ኬሬ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ፕሪትዝከር የተባለውን የሕንፃ ጥበብ ሽልማት ያገኘው፣ የቡርኪና ገጠር ልጅ ነው። መጀመሪያ የቆመው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ሥዕል፣ ሙዚቃና ፊልም ከመደበኛው ትምህርት ጋር የሚሰጥበት። ቀጥሎ ጤና ጣቢያው። መሃል ላይ የታቀደው የቴአትር አዳራሽ ለዓመታት በወረቀት ላይ ቆየ። አንዳንዱ ይህን ክሽፈት ይለዋል። ለእኔ ግን የመንደሩ ልጆች ሳይነገራቸው ዕቅዱን ያረሙት ይመስለኛል።

በእኛም ከተማ ቢሆን ሥር የያዘው ከታች የበቀለው ነው። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ አዝማሪ ቤት ነበር፤ መላኩ በላይ በሽልማት እየጨፈረ ኖሮበት በኋላ የባህል ማዕከል አደረገው፤ ከዚያው ጠባብ ቤት እስከ ውጭ አገር መድረክ ደረሰ። በ2017 የካዛንቺስ መልሶ ማልማት ሲመጣ ግን ቦታውን መልቀቅ ግድ ሆነበት። ጥቃቅኑን ከሥሩ እየነቀልን ትልቁን ከሰማይ እናወርዳለን ማለታችን ይደንቀኛል።

እንዲህም ብዬ እኔ የአዳራሹ ወገን ነኝ። ጦርነት ያለፈበት አገር ሕፃናት ዱቄትና መርፌ ብቻ ይበቃቸዋል ብዬ አላምንም። ይሁንና ማዕከሉን የሚወልደው የፕሮጀክት ገንዘብ ብቻ ከሆነ አበው እንዳሉት በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ድምፁ «እንብላ እንብላ» ነው። ሲሮጡ የታጠቁትም ሲሮጡ ይፈታል። ሺሁ መቀመጫ ይቆይ። መጀመሪያ አስከተማ ላይ ክራር የሚሠራ ሰውና ተማሪዎቹ የሚቀመጡባት ቤት ትቁም። ቴአትሩ በኽምጣና ይጻፍ፤ አዲስ አበቤው አስተርጓሚ ይፈልግ፤ አንድ ጊዜ እንኳ እርሱ ይቸገር። የግንባታው ውኃ ጉድጓድ ከአጥሩ ውጭ ይቆፈር። ንድፉንም ከባለሙያው እኩል የሻደይ ልጃገረዶችና እናቶቻቸው ይዩት፤ አይሆንም ካሉ «አይሆንም» የሚለውም መልስ ነው።

አዳራሹ ከተሠራ ደግሞ አንድ ነገር አስቀድሞ በደንቡ ይጻፍ። ነሐሴ 16 መድረኩ ዝግ ይሁን። ቲኬት ቆራጩም፣ መብራት አብሪውም፣ ከውጭ የመጣውም ከያኒ ደጁ ላይ ወጥቶ ይቁም። ልጃገረዶቹ ከሰፈር ሰፈር ሲዞሩ ወደ አዳራሹም ይመጡ ይሆናል፤ እንደ ማንኛውም ቤት ከበሯቸውን ይመቱበታል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ የሚሰጠውን ይዞ ይውጣ። ምናልባትም አዳራሹን አልፈው ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ።