ድፍረትና ጥብዓት

ከተራራ ላይ ቍልቍል በሚወርድ ወንዝ በጀልባ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። ጀልባቸው ካያክ ይባላል፤ ጠባብ ሆኖ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ነው። የወንዙ ዳር ገደላማ ሲሆን ቀዛፊው በዐለት ላይ እንዳለ በጀልባው ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃ እንዳይገባም አፉን በወገቡ በታሰረ መሸፈኛ ይዘጋል፤ ከዚያም በገዛ እጁ ገፍቶ ከነጀልባው ወደ ውሃው ይንሸራተታል። ስለ ቃል «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንደሚባለው፥ ከዐለት የተገፋ ጀልባም አይመለስም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሰው ደፋር እንበለውን ወይስ ጥቡዕ? ብዙዎች ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥሯቸዋል፤ ነገር ግን ይለያያሉ። ድፍረት አደጋውን ሳይመዝን ይገባል፤ ጥብዓት ግን አደጋውን አውቆ፥ ስለ በቂ ምክንያት ይጸናል።

መለያየታቸውም የሚታወቀው በውሃው ውስጥ ሳይሆን በዳር ነው፤ በውሃው ውስጥ ለመመካከር ጊዜ የለምና። አስተዋይ ቀዛፊ አስቀድሞ በእግሩ እየሄደ ውሃው ከዐለት ሥር የሚገባበትን፥ ዛፍ የተጋደመበትን፥ ከፏፏቴ በታች ወደ ኋላ እየዞረ ሰውን የሚይዝበትን ስፍራ ይመረምራል፤ ገመድ የሚወረውር ባልንጀራም ከታች ያቆማል። የታወቀው መለኪያ የወንዝን አስቸጋሪነት ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይከፍለዋል፤ ዳሩ ግን ውሃውን እንጂ የሰውን ልብ አይለካም። ብዙ ጊዜ ሰውን ወደ ጥልቁ የሚገፋው የባልንጀሮቹ ዓይን ነው። ውሃን ሳይፈራ ሐፍረትን ፈርቶ የሚሞት ሰው ጥቡዕ ሊባል አይገባውም። ጀልባውን በትከሻው ተሸክሞ ክፉውን ስፍራ በእግሩ የሚያልፈውም ፈሪ አይደለም።

«እንዲህማ ከሆነ ከቤት አለመውጣት ይሻላል» የሚል ቢኖር፥ ማይክ ጆንስ የተባለውን እንግሊዛዊ ያስብ። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ከኤቨረስት ተራራ አካባቢ የሚወርደውን የዱድ ኮሲን ወንዝ በካያክ ወረደ። በ1978 ዓ.ም. ግን በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ፥ በአደጋ ላይ የነበረ ባልንጀራውን ለመርዳት ሲል ሰጥሞ ሞተ። በፊተኛው ሥራው ልቡ ምን እንደ ፈለገ እኛ ልንፈርድ አንችልም፤ የኋለኛው ግን ተርጓሚ አያሻውም። እርግጥ ነው፥ ወደዚያ ወንዝ ባይሄዱ ኖሮ የሚያድነውም የሚድነውም አደጋ ባላገኛቸው ነበር። ነገር ግን ለባልንጀራ የሚዘረጋ ክንድ ኀይሉንና ጥበቡን የሚያገኘው በልምምድ ነው፤ ልምምድም ከአደጋ ፈጽሞ አይለይም። ስለዚህ የሚነቀፈው መውረዱ አይደለም፤ ሕይወትን ያህል አደራ በከንቱ ውዳሴ መለወጡ ነው።

ይህም ለቀዛፊ ብቻ አይደለም። ዋስ የሚሆን፥ መሐላ የሚምል፥ በቍጣ የሚናገር ሁሉ በዐለቱ ጫፍ ተቀምጧል። እንግዲህ እጁ ዐለቱን ሳይለቅ «ማንም ባያየኝ ይህን አደርገው ነበርን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። አላደርገውም ካለ፥ መሸፈኛውን ፈትቶ ይውረድ፤ ጀልባውንም ይሸከም።