ድምፃችን የማን ነው? የከተማ ምርጫና የባልንጀራ አደራ

በአንድ ትልቅ ከተማ የምክር ቤት ምርጫ በተቃረበ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን ደጅም ሆነ በየሰፈሩ ሁለት ዓይነት አነጋገር ይሰማል። አንዱ «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ነው፤ ክርስቲያን ጸሎቱን ይጸልይ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ድምፄ የራሴ ነው፤ ለወደድሁት፣ ለወገኔ እሰጣለሁ፤ ማንንም አያገባውም» ይላል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም ድምፅን የመራጩ የግል ንብረት አድርገው ይመለከቱታል። የመጀመሪያው ንብረቱን ቆልፎ ያኖረዋል፤ ሁለተኛው እንዳሻው ያወጣዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ ድምፅ በእውነት የመራጩ ብቻ ነውን? ወይስ ስለ ሌሎች ሲባል በእጁ የተቀመጠ አደራ ነው?

አደራ በቋንቋችን ቀላል ቃል አይደለም። ጎረቤት መንገድ ሲሄድ ልጁን ወይም ገንዘቡን አደራ ይሰጣል፤ ተቀባዩም ዕቃው በእጁ ስላለ የእርሱ ሆነ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል። «አደራ በላ» መባል ከሌብነት ስም የከፋ ነው፤ ሌባ የሰረቀው ከማያውቀው ሰው ሊሆን ይችላል፣ አደራ በላ ግን የበላው ያመነውን ሰው ነውና።

የምንመርጠው ማንን ነው?

ነገሩን በአዲስ አበባ ምሳሌነት እንመልከተው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ከተማይቱ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሥልጣን እንዳላትና ተጠሪነቷም ለፌዴራሉ መንግሥት እንደሆነ ይደነግጋል። ነዋሪው በቀጥታ የሚመርጠው 138 መቀመጫዎች ያሉትን የከተማ ምክር ቤት ሲሆን፣ ከንቲባውን የሚመርጠው ደግሞ ይህ ምክር ቤት ነው። ስለዚህ ነዋሪው «ከንቲባውን ምረጥ» ተብሎ በቀጥታ አይጠየቅም። ብዙ ሰው ግን «ከንቲባው ማን ይሆን?» እያለ ሲከራከር ይሰነብትና በገዛ ሰፈሩ የቀረበውን ዕጩ ጠባይና ሥራ ሳይጠይቅ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል። የምንሰጠው አደራ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ እንደሆነ ከተረዳን፣ የመጀመሪያው ተቀባይ ማን እንደሆነ ማወቅ ቀዳሚ ግዴታችን ነው።

የከተማ አስተዳደር ሥራ ታላላቅ ንግግር የሚበዛበት አይደለም። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ መሬት ለማን እንደሚሰጥ፣ ቤቱ ለልማት የፈረሰበት ሰው የት እንደሚገባ፣ ቆሻሻ ማን አንሥቶ የት እንደሚደፋው የሚወሰንበት ነው። ይሁን እንጂ ባልንጀራችንን በየዕለቱ የምናገኘው በእነዚሁ ትናንሽ በሚመስሉ ነገሮች ውስጥ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2020 እ.ኤ.አ. «ሁላችን ወንድማማቾች» በተሰኘው መልእክታቸው ይህን በቀላል ምሳሌ አስተምረዋል። አንድ ሽማግሌን ደግፎ ወንዝ ማሻገር ፍቅር እንደሆነ ሁሉ፣ በሹመቱ ድልድይ የሚያሠራውም ሰው ፍቅርን እየፈጸመ ነው ይላሉ። እንግዲህ ድልድዩን የሚያሠራውን ሰው መምረጥም ከዚሁ ፍቅር የራቀ ሊሆን አይችልም።

ድምፅ የሌላቸው

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ሬጲ በሚገኘው፣ ነዋሪው «ቆሼ» በሚለው ስፍራ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ቀበረ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ለሦስት ቀናትም ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። በዚያ ስፍራ ከሃምሳ ዓመታት በላይ የከተማይቱ ቆሻሻ ሲደፋ ኖሯል፤ ክምሩም ተራራ እስኪያህል ድረስ አድጎ ነበር። ከሥሩ የሚኖሩት ሰዎች አማርጠው የሰፈሩ አልነበሩም፤ ሌላ ቦታ የቤት ኪራይ መክፈል ያልቻሉ፣ ከቆሻሻው መካከል ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ የሚያድሩ ድሆች ይገኙባቸው ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የከተማው ቆሻሻ ከቆሼ ይልቅ ሰንዳፋ አጠገብ በተዘጋጀ አዲስ ስፍራ መደፋት ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ግን መሬታችንና ውኃችን ተበከለብን ብለው ተቃወሙ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሥራው ተቋርጦ መኪናዎቹ እንደገና ወደ ቆሼ ተመለሱ። እነዚያ ገበሬዎች የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ስላልሆኑ በከተማይቱ ምርጫ ድምፅ የላቸውም። የከተማይቱ ቆሻሻ ግን ደጃቸው ድረስ ደርሶ ነበር።

ይህን የምናነሣው አንድን ሹም ለመክሰስ አይደለም። የብዙ ዓመታትና የብዙ እጆች ውሳኔ፣ እንዲሁም የብዙዎች አለመወሰን ያመጣው ጥፋት ነውና። የምናነሣው ስለ ድምፅ አንድ እውነት ስለሚያስተምረን ነው። ምርጫው የሚነካው ሰውና ድምፅ የሚሰጠው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይመርጥም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የተቀጠረችው ወጣት በምርጫ ክልሉ 6 ወር ካልሞላት አትመዘገብም። መታወቂያ የሌለው የጎዳና ተዳዳሪ መዝጋቢው ፊት መቅረብ ይከብደዋል። ገና ያልተወለዱት ደግሞ ዛሬ የምንቆርሰውን መሬትና የምንበክለውን ወንዝ ይወርሳሉ። እነዚህ ሁሉ በምርጫው ቀን በእኛ እጅ ላይ ናቸው። እኛ ካላሰብናቸው ማንም በወረቀቱ ላይ አያስባቸውም። ድምፅ አደራ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

«አደራ ከሆነ ታዲያ ነፃነቴ የት አለ?» የሚል ይኖራል። አደራ ማለት ግን ሌላው እንዳዘዘን እንመርጣለን ማለት አይደለም። የምርጫው ምስጢራዊነት ሊከበር ይገባል፤ ኅሊናም ፈራጁ እግዚአብሔር ነው። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ በ1965 እ.ኤ.አ. «ደስታና ተስፋ» በተባለው ሰነድ ቁጥር 75 መምረጥ መብትም ግዴታም መሆኑን፣ ዓላማውም የጋራ ጥቅም መሆኑን ሲያስተምር፣ በነፃነት የሚፈጸም መሆኑንም አብሮ ገልጿል። አደራ ተቀባይ ነፃ ሰው ነው፤ ነፃነቱን ግን ለራሱ ብቻ አያውለውም።

ወገንና ባልንጀራ

ከሁሉ የሚከብደው ፈተና የወገን ነገር ነው። ወገንን መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ እናቱን የማይወድ ሰው ሌላውን እወዳለሁ ቢል ማን ያምነዋል? ነገር ግን ጌታችን «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ የመለሰው ስለ አንድ ሳምራዊ በመተረክ ነበር። ሳምራዊው የቆሰለውን ሰው አገሩንና ነገዱን አልጠየቀም፤ ቁስሉን አየ። ከዚያም አልፎ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ፣ የጎደለውን በመመለሻው ሊከፍል ተስፋ ሰጠ። ፍቅሩ ሥርዓት ያለውና በሌላ ሰው እጅ የሚቀጥል ነበር።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ እድራችን ይበቃናል። በብዙ የአዲስ አበባ ሰፈር ካቶሊኩ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ፕሮቴስታንቱና ሙስሊሙ፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ትግሬውና ዶርዜው በአንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣሉ። የእድር ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ አባላቱ የሚመረምሩት እጁን ነው፤ ባለፈው ዓመት ሒሳቡ ተስተካክሎ ነበር ወይ? በሌሊት ቢጠሩት ይነሣል ወይ? ለድሃው ሬሳና ለሀብታሙ ሬሳ እኩል ይቆማል ወይ? እያሉ ነው። ለጥቂት ሺህ ብር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሚሊዮኖችን ውኃ፣ መሬትና መንገድ ለሚወስን ሰው ስንመርጥ ጥያቄያችን ሁሉ «የማን ልጅ ነው?» ብቻ ሆኖ ቢቀር፣ አደራውን ከመስጠታችን በፊት በልተነዋል።

የአደራ ጠባቂ ሹም መልክ ምን እንደሚመስል መጽሐፈ ነህምያ በምዕራፍ 5 ያሳየናል። ነህምያ ገዥ ሆኖ ሳለ ለገዥ የተፈቀደውን ቀለብ ከመብላት ተቆጠበ፤ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን በዕዳ ያስያዙ ድሆች በጮኹ ጊዜ ታላላቆቹን ፊት ለፊት ገሠጸ፤ ያስያዙትም እንዲመለስላቸው አደረገ። ዕጩን ስንመዝን ከዚህ የተሻለ ሚዛን አናገኝም፦ ከሹመቱ ምን ይተዋል? የድሃ ጩኸት ሲሰማስ ማንን ይጋፈጣል?

ድምፅ ሲሰናከል

እዚህ ላይ በቅንነት ልንመልሰው የሚገባ ከባድ ጥያቄ አለ። «አደራውን ብጠብቅስ፣ ድምፄ ፍሬ ባያፈራስ?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከባዶ የመጣ አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በአዲስ አበባ ምክር ቤት ከ138 መቀመጫዎች 137ቱን ተቃዋሚው ቅንጅት አሸነፈ፤ ነገር ግን ያ ምክር ቤት ሥራውን ሳይጀምር ቀረ፤ ከተማይቱም እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ በጊዜያዊ አስተዳደር ቆየች። ከምርጫው በኋላ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ከ190 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ የብዙ እናቶች እንባ እስከ ዛሬ አልደረቀም። ከዚያም በ2005 ዓ.ም. የተመረጠው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ዘመኑ ተራዝሞ እስከ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ቆየ። ይህን ያየ ሰው «ለምን እሰለፋለሁ?» ቢል በችኮላ ልንፈርድበት አይገባም።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2240 በምርጫ መሳተፍን ከግብር መክፈል ጋር በአንድነት ከዜጋ የኅሊና ግዴታዎች መካከል ይቆጥረዋል። ቢሆንም ዝምታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰው በመስነፉ ወይም በመናቁ ዝም ሊል ይችላል፤ ይህ አደራን መጣል ነው። ሰው ዕጩዎቹን መዝኖ፣ ጸልዮና ተጨንቆ፣ ኅሊናው የሚቀበለው አንድ እንኳ ሳያገኝ ሊቀርም ይችላል። ሁለቱን የሚለያቸው በማግሥቱ የሚሠሩት ሥራ ነው። የሁለተኛው ሰው ጭንቀት እውነተኛ ከሆነ በሰፈሩ ስብሰባ ይገኛል፣ ስለ ቧንቧውና ስለ ቆሻሻው ይጠይቃል፣ ቤቱ የፈረሰበትን ጎረቤቱን ያስጠጋል። የመጀመሪያው ግን በምርጫውም ቀን በማግሥቱም የለም። ደግሞም አደራ ተቀባይ የሚጠየቀው በታማኝነቱ ነው፤ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ቢቀማው ፍርዱ በቀማኛው ላይ ይሆናል። ድምፁን በቅን ኅሊና የሰጠ ሰው ድምፁ ቢሰናከል እንኳ ከንቱ አልሠራም፤ ባልንጀራውን አስቦታልና።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ከምርጫው በፊት ዕጩውን እንወቅ። ስለ ቤተሰባችን ጥቅም ከመጠየቃችን በፊት ቢያንስ ስለ አንድ ድምፅ ስለሌለው ሰው እንጠይቀው፤ ለምሳሌ በሰፈራችን በላስቲክ ቤት ስለምትኖረው እናት ምን እንደሚያስብ።

ሁለተኛ፣ በመደለያ አንያዝ። ዘይትና ስኳር፣ ወይም የሥራ ተስፋ ተቀብሎ ድምፅን መስጠት የራስን ሳይሆን የሌላውን ሰው ዕቃ መሸጥ ነው። የተቸገረው ሰው ቢቀበል ከእርሱ ይልቅ የሚጠየቀው ችግሩን አይቶ የገዛው ነው።

ሦስተኛ፣ ካህናትና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የቤተ ክርስቲያንን መድረክ ለፓርቲ መቀስቀሻ ከማድረግ እንጠብቀው። የቀኖና ሕግም ካህናት በፖለቲካ ፓርቲዎች ውስጥ ንቁ ተሳትፎ እንዳያደርጉ ይከለክላል። አስተማሪው ለተማሪዎቹ የዕጩ ስም አይነግራቸውም፤ «በሰፈራችሁ ድምፅ የሌለው ማን ነው? እርሱን አስባችሁ ብትመርጡ ምርጫችሁ ይለወጥ ነበር ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግን የሚበቃ ትምህርት ሰጥቷል።

አራተኛ፣ ከምርጫው በኋላ ያሸነፈው የመረጠው ሰው እንዳልመረጠው ሰው ሁሉ ተመራጩን ይከታተል። አደራ የሰጠ ሰው «አደራዬ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቁ ነውር አይደለም። የተለያየ ድምፅ የሰጡ ጎረቤታሞችም በማግሥቱ በአንድ እድር ድንኳን ሥር እንደሚቀመጡ አይርሱ፤ ምርጫ ያልፋል፣ ጉርብትና ግን ይቀራል።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 በባቢሎን ለተማረኩት እስራኤላውያን ሲጽፍ፣ ራሳቸው ያልመሠረቷትንና የማይወዷትን ከተማ እንኳ ሰላሟን እንዲፈልጉና ስለ እርሷ እንዲጸልዩ አዝዟል። የባዕድ ከተማ ሰላም ይህን ያህል አደራ ከሆነ፣ ልጆቻችን የተጠመቁባትና ወላጆቻችን የተቀበሩባት ከተማማ ምን ያህል አደራ ትሆን? እግዚአብሔር አምላክ ለመራጮች ማስተዋልን፣ ለተመራጮች የነህምያን ልብ፣ በቆሼ ላለቁት ነፍሳት ዕረፍትን፣ ለቀሩትም ወገኖቻቸው መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።