ጥይት ያልፈራ ሰው ጥያቄ ሲፈራ

ጀግና ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙው ሰው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ጦር ሜዳ ነው። ይህም ስሕተት አይደለም፤ ነፍሱን ለሞት የሰጠ ሰው ክብር ይገባዋልና። ነገር ግን በጦር ሜዳ የታየው ድፍረት በሸንጎም ፊት ያው ሆኖ ይገኛል ወይ? ስለዚህ ነገር ከሊቃውንት ክርክር ይልቅ የአንድ የአሜሪካ የሲኒማ ተዋናይ ሕይወት የበለጠ አስተምሮኛል። ተዋናይ ማለቴ አንባቢዬን አያስገርመው። ሰውየው በፊልም ጀግና መስሎ የታየ ብቻ ሳይሆን ከፊልም ውጭም በእውነት ጀግና የነበረ ነው፤ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው።

ስሙ ስተርሊንግ ሄይደን ይባላል። የተወለደው በ1916 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በኒው ጀርሲ ግዛት ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። ትምህርቱን ሳይፈጽም ትቶ ወደ ባሕር ሄደ፤ ከዓሣ አጥማጆች ጋራ ብርድና ማዕበል ለመደ፤ በ22 ዓመቱም ባለ ሸራ መርከብ እየመራ እስከ ታሂቲ ደሴት ደረሰ። ቁመቱ የረዘመ መልኩም ያማረ ስለ ነበረ በ1940 ፓራማውንት የተባለው የፊልም ኩባንያ አስፈረመው። ጋዜጣው ሁሉ ስለ መልኩ ሲያወራ እርሱ ግን ትወናን የያዘው ለመርከብ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት እንደ ሆነ አይሸሽግም ነበር።

ጦርነቱ ሲመጣ ሁለት ፊልም ሠርቶ ሳለ ያን ሁሉ ትቶ ሄደ። ዝናው እንዳይከተለው ስሙን ጆን ሐሚልተን አሰኝቶ ማሪን በሚባለው የአሜሪካ የባሕር ወታደር ክፍል ገባ። ከዚያም ወደ ምሥጢር አገልግሎት ተዛውሮ ከኢጣልያ ጠረፍ እየተነሣ፥ ጀርመኖች በሚጠብቁት የአድርያቲክ ባሕር ላይ በጨለማ እየቀዘፈ፥ ለዩጎዝላቪያ አርበኞች መሣሪያና ስንቅ ያደርስ ነበር። አሜሪካ የብር ኮከብ ኒሻን ሰጠችው፤ የአርበኞቹ አለቃ ቲቶም ሸለመው። እንዲህ ያለውን ሰው ፈሪ ብሎ የሚጠራው ማን ነው?

እነዚያ አርበኞች በኮሚኒስቶች የሚመሩ ነበሩ። ሄይደን ቆራጥነታቸውን እያደነቀ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1946 ኮሚኒስት ፓርቲ ገባ፤ ስብሰባውና ክርክሩ ስለ ሰለቸው ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ። ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎት ነበር። ዳሩ ግን በአሜሪካ ምክር ቤት ውስጥ የአገሪቱን ጠባይ የሚፃረር ተግባር እንዲመረምር የተቋቋመ ኮሚቴ ነበረ፤ ይህም ኮሚቴ በ1947 የፊልም ሰዎችን እየጠራ፥ ኮሚኒስት ነህ ወይስ አይደለህም እያለ ይጠይቅ ጀመር። አንመልስም ያሉ ዐሥር ሰዎች በ1950 ወኅኒ ወረዱ። ሌላው ሁሉ ከኮሚቴው ፊት ቀርቦ የጓደኞቹን ስም ካልተናገረ ሥራ አያገኝም ነበር። እንዲህ ያለውን ትእዛዝ በሕግ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አላነበበውም፤ ኩባንያዎቹ ግን ሁሉም ያውቁት ነበር።

በ1950 የኮሪያ ጦርነት ተነሣ። ሄይደን ያለፈው ታሪኩ እንዳይገለጥበት ሠጋ፤ ከሚስቱ ጋራ ሊለያይ ነውና ዳኛ ልጆቹን እንዳይነሣውም ፈራ። ጠበቃውን አማከረ፤ የአእምሮ ሐኪሙንም አማከረ። በመጨረሻም ሚያዝያ 10 ቀን 1951 ከኮሚቴው ፊት ተቀምጦ በፓርቲው ውስጥ ያወቃቸውን ሰዎች፥ የቅርብ ወዳጆቹን ሳይቀር፥ በስማቸው ጠራ። (የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወደዚያው የኮሪያ ጦርነት ከጅቡቲ በመርከብ የተነሣው በዚያው ወር ነበር።) ኮሚቴው አመሰገነው። ሥራውም ቀጠለ፤ እንዲያውም ፊልሙ በዛለት።

እዚህ ላይ አንድ ወጣት አንባቢ፥ እውነት መናገር ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ? ብሎ ሊጠይቀኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሌባን ወይም ነፍሰ ገዳይን አይቶ ዝም የሚል ሰው የወንጀሉ ተካፋይ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ሄይደን የጠራቸው ሰዎች ግን የሰረቁትም የገደሉትም አልነበረም፤ ጥፋታቸው በሰው ቤት ተሰብስበው ስለ ዓለም መወያየታቸው ነበር። ከዚህም በላይ ከስሞቹ አብዛኞቹ ቀድሞውኑ በመንግሥት መዝገብ ነበሩ። የተፈለገው እውነቱ ሳይሆን የሰውየው መንበርከክ ነበር። ስለዚህ ከአፉ የወጣው ቃል እውነት ቢሆንም ሥራው ክዳት ነው እላለሁ።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ያ ሁሉ ድፍረት ወዴት ሄደ? እኔ እንደሚመስለኝ በአድርያቲክ ባሕር ላይ ጠላቱ ከፊቱ፥ ጓደኞቹ ከጎኑ፥ አገሩ ከኋላው ነበረች። በሸንጎው ላይ ግን የምትጠይቀው አገሩ ራሷ ነበረች፤ ከጎኑም የተቀመጠ ጠበቃ እንጂ ጓደኛ አልነበረም። ሞት አንድ ጊዜ መጥቶ ይገላግላል፤ ሥራን፥ ልጆችን፥ መልካም ስምን ማጣት ግን በየማለዳው እንደ አዲስ የሚመጣ ነው። ደግሞም በባሕሩ ላይ የሚያስይዘው የገዛ ሕይወቱን ነበር። በ1951 ዕዳውን የከፈለው በሌሎች ሰዎች እንጀራ ነው።

ይህን ስጽፍ በሩቅ ሰው ላይ መፍረድ እንዳይመስልብኝ የራሴንም ልናገር። አዳሪ ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋራ በሌሊት አጥር ዘለን ወጣን። በማግሥቱ ዲሬክተሩ ለብቻዬ አስጠራኝ። አልመታኝም፥ አልጮኸብኝምም። ከጠረጴዛው ማዶ አስቀምጦ ሻይ አስመጣልኝና አባቴ ስለ እኔ ምን ያህል እንደሚደክም ያስታውሰኝ ጀመር። የሦስት ልጆችን ስም የነገርሁት ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነው። ከሦስቱ አንዱ ተባረረ፤ ወደ ትምህርትም አልተመለሰም። ዱላ ቢሆን ኖሮ እችለው ነበር እያልሁ ራሴን አጽናንቻለሁ። ነገሩ እውነት ይመስለኛል፤ ማጽናኛ ግን አልሆነኝም።

በዚያው ሚያዝያ ወር፥ ሄይደን ከተናገረ ከ13 ቀን በኋላ፥ ጆን ጋርፊልድ የተባለ ሌላ ተዋናይ ከኮሚቴው ፊት ቀረበ። ይህ የኒው ዮርክ ድኻ ሰፈር ልጅ ልቡ በሽተኛ ስለ ነበረ ለወታደርነት አትበቃም ተብሎ በጦርነቱ ጊዜ የተመለሰ ነው። ኒሻን አልነበረውም። እርሱ ግን እኔ ኮሚኒስት አይደለሁም አለ እንጂ የአንድም ሰው ስም ሳይሰጥ ወጣ። ከዚያ በኋላ የፊልም ሥራ ተዘጋበት። ባዶ እጁን መቀመጡ ስለ ከበደው ተታልዬ ነበር የሚል ጽሑፍ እስከ ማዘጋጀት ደርሶ ነበርና ፍጹም ጽኑ ነበረ ብዬ አላጋንንም፤ ስም ግን አልሰጠም። ግንቦት 21 ቀን 1952 ያው ልቡ ከድቶት ገና በ39 ዓመቱ ሞተ። ለጦርነት ደካማ የተባለው ልብ በሸንጎ ላይ የጸናበትን ምክንያት እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ሄይደንስ? በ1954 ጆኒ ጊታር በሚባለው ፊልም ላይ ሲጫወት አንድ ቁስለኛ ልጅ በመሣሪያ ተከቦ፥ ነፍስህን ለማትረፍ ይህችን ሴት ወንጅላት ተብሎ ሲገደድ የሚያሳይ ትርኢት አለ። ልጁ ወነጀላት፤ ከመሰቀልም አላዳነውም። ሄይደን ያን ፊልም ሲሠራ በልቡ ምን ይዞ እንደ ነበረ እያሰብሁ ነው የማየው። በ1959 ደግሞ የዳኛ ትእዛዝ ተላልፎ አራት ልጆቹን በመርከቡ ጭኖ ወደ ታሂቲ ሄደ። እንግዲህ ባለ ሥልጣንን እምቢ ማለት ፈጽሞ የማይችል ሰው አልነበረም፤ እምቢታው በስምንት ዓመት ዘገየ እንጂ።

በ1963 የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ጠበቃውንና ሐኪሙን ቢወቅስም በማንም ጀርባ አልተሸሸገም፤ ያን ቀን ስለ ሠራው ራሱን እንደሚንቅ በግልጥ ተናገረ። ሰው እንዲህ አድርጎ ራሱን ሲከስ ብዙ ጊዜ አይታይምና አከብረዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመትም ዶክተር ስትሬንጅላቭ በተባለው ፊልም ኮሚኒስትን ከመፍራቱ የተነሣ ዓለምን የሚያጠፋ ጦርነት የሚያስነሣ እብድ ጄኔራል ሆኖ ተጫወተ፤ በዚህም እጅግ ተደነቀ።

ሆኖም ጸጸቱ ለእርሱ መጽሐፍ ሆነለት፥ አንባቢም አገኘለት። ከሥራ የወጡት ሰዎች የባከነባቸውን ዓመታት በዚያ መጽሐፍ መልሰው አላገኙም። ሄይደን በ1986 በካሊፎርኒያ ከባሕር ወደብ አጠገብ ሞተ። በዚያ በሚያዝያ ቀን የጠራቸው ስሞች ግን በምክር ቤቱ የምርመራ ጥራዝ ውስጥ፥ ከተሰጠው ምስጋና ጋራ፥ እንደ ታተሙ ይገኛሉ።